«ዝልግልግ»ን ለባለቤቱ ስለ መመለስ

አንድ ቃል ለአንድ ሳይንሳዊ ጽንሰ ሐሳብ ከተሰየመ በኋላ መልሶ መመርመር ብዙውን ጊዜ የተሠራን ሥራ እንደ ማፍረስ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ስያሜ የሚመዘነው በተሰየመበት ቀን በነበረው ተስማሚነት ብቻ አይደለም። ዕውቀቱ ሲሰፋና ሌሎች ተዛማጅ ጽንሰ ሐሳቦች በተራቸው ስም ሲሹ፣ የቀደመው ስያሜ የሌላውን ቦታ ይዞ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እንዲህ ያለውን ቃል ነው፤ ይኸውም «ዝልግልግ» የሚለው ነው።

ምርመራውን ያስነሣው የፈሳሾች ፍሰት ጥናት ነው፤ በተለይም እየፈሰሱ ሳለ እንደ ተወጠረ ነገር ወደ ኋላ የመሰብሰብ ባሕርይ ያላቸውን ፈሳሾች ጠባይ በኮምፒዩተር ስሌት አስቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ጥናት ነው። ይህ ዘርፍ ፕላስቲክን በቅርጽ ማውጫ አሳልፎ ከመሥራት ጀምሮ እስከ ቀለም ቅብ፣ የጉድጓድ መቈፈሪያ ጭቃን ከማዘጋጀት ጀምሮ እስከ ምግብ ማቀነባበር ድረስ ይሠራበታል። ዘርፉን ወደ አማርኛ ለመተርጐም የሚነሣ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ላይ እንቅፋት ይገጥመዋል። በፊቱ ሁለት የተለያዩ ባሕርያት አሉ፤ በእጁ ያለው ስም ግን አንድ ብቻ ነው።

ሁለቱን ባሕርያት በቅድሚያ እንለይ። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ፣ የአንድ ፈሳሽ ንብርብሮች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ የሚነሣው ተቃውሞ ከመንሸራተቱ ፍጥነት ጋር ተመጣጣኝ ነው የሚል መነሻ አስቀመጠ። በተቃውሞውና በፍጥነቱ መካከል ያለው የማይለወጥ ንጽጽር የፈሳሹ መለያ ነው። ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ይህ መጠን ወደ 1 ሚሊፓስካል ሴኮንድ ነው፤ የማር መጠን ደግሞ እንደ እርጥበቱና እንደ ሙቀቱ ቢለያይም ከውሃው በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ውሃም ሆነ ማር በፍጥነት ቢማሰሉ በዝግታ ቢማሰሉ ንጽጽሩ ያው ነው። ማር ዝግተኛ ነው እንጂ ጠባዩን የሚለዋውጥ አይደለም። በአማርኛ ጽሑፎች ዘንድ «ዝልግልግነት» ተብሎ ሲጠራ የምናገኘው ይህንን የመጀመሪያውን ባሕርይ ነው።

ሁለተኛው ባሕርይ ሌላ ነው። ውሃን በዘንግ ብናማስል መካከሉ ይጐደጕዳል፣ ዳርና ዳሩም ከፍ ይላል። የእንቁላል ነጭን ብናማስል ግን ፈሳሹ መካከል ላይ ተሰብስቦ ዘንጉን ሽቅብ ይወጣል። ካርል ቫይሰንበርግ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ክሥተት መርምሮ ምክንያቱን አስረዳ፤ ስለዚህም ክሥተቱ በስሙ ይጠራል። ምክንያቱ በፈሳሹ ውስጥ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች በመማሰሉ ኃይል ተዘርግተው ስለሚወጠሩ ነው። ውጥረቱ በዘንጉ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይጠብቃል፤ የጠበቀውም ቀለበት ፈሳሹን ወደ መካከል ገፍቶ ሽቅብ ያወጣዋል። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ሲጐተት ክር ያወጣል፤ ክሩም ሲበጠስ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ከጠባብ ቀዳዳ ሲወጣም ከቀዳዳው ይልቅ ይወፍራል። ባጭሩ፣ ይፈስሳል፣ ይለጠጣልም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ባለ ቋንቋው ሕዝብ ዝልግልግ የሚለው ምንን ነው? የተዘፈዘፈ ተልባን፣ የተመታ አብሽን፣ የተቀቀለ ባሚያን፣ የእንቁላል ነጭን፣ ለሃጭን ነው። እነዚህ ሁሉ ሲጐተቱ ክር የሚያወጡና ክራቸው ተመልሶ የሚሰበሰብ ናቸው። ዘይትን ዝልግልግ የሚል የለም። ማርም «ወፍራም» ወይም «ቀጭን» ይባላል፤ ሊጥም እንደዚሁ። የቃሉ አሠራር ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። «ዝልግልግ» እንደ «ዝርክርክ»፣ «ጥምዝምዝ»፣ «ብልጭልጭ» ያሉ ቃላት በተሠሩበት የድግግሞሽ መንገድ የተሠራ ነው። ይህ አሠራር አንድ ነገር አንድ ጊዜ ሆኖ የማይቀር፣ እየተመላለሰ የሚታይ ጠባይ መሆኑን ያመለክታል። የሚዝለገለግ ነገር ዘገምተኛ ብቻ አይደለም፤ ይሳባል፣ ይንዘላዘላል፣ ይመለሳል። እንግዲህ ቃሉ በሕዝቡ አፍ ከጥንት ጀምሮ የሁለተኛው ባሕርይ ስም ሆኖ ሳለ፣ በሳይንሱ መጻሕፍት ለመጀመሪያው ተሰጥቷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ብርቱ መቃወሚያ አለ። ሳይንሳዊ ስያሜ የዕለት ተዕለቱን ትርጉም የመጠበቅ ግዴታ የለበትም ሊባል ይቻላል። በፊዚክስ «ሥራ» ማለት ኃይል በተጓዘበት ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ከባድ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ የሚውል ሰው በዚህ ትርጉም ሥራ አልሠራም። ማንም ስለዚህ ነገር ቅር አይለውም። መቃወሚያው በራሱ ትክክል ነው፤ ለዝልግልግ ግን አያገለግልም። ፊዚክስ «ሥራ»ን ሲወስድ ለድካም፣ ለልፋትና ለሙያ የሚሆን ስም በዚያው በፊዚክስ ውስጥ አይፈልግም። የፍሰት ጥናት ግን «ዝልግልግ»ን ለመጀመሪያው ባሕርይ ከሰጠ በኋላ፣ በዚያው መጽሐፍ፣ ምናልባትም በዚያው ምዕራፍ፣ ለሁለተኛው ባሕርይ ስም ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ተርጓሚው «ዝልግልግ-ተለጣጭ» የሚል ጥንድ ቃል ለመፍጠር ይገደዳል። ይህ ጥንድ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ «እርጥብ ውሃ» እንደ ማለት ነው፤ መለጠጡ በዝልግልግ ውስጥ አስቀድሞ አለና።

ነገሩ በረቂቅ ብቻ እንዳይቀር ስያሜዎቹን በአንድ የተወሰነ ቦታ እንፈትናቸው። ለዚህ ጅጅጋንና በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል የሚገኙትን ከተሞች፣ ማለትም ቀብሪበያህንና ቶጎ ውጫሌን የመሳሰሉትን መርጠናል። ምክንያታችን እንዲህ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ የአካባቢው ልጅ ፊደል የሚቈጥረው በላቲን በሚጻፈው ሶማልኛ ነው። አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራል፣ በገበያና በመሥሪያ ቤትም ያገኘዋል። ከፍ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በተቋቋመው በጅጅጋ ዩኒቨርሲቲም ይሁን በሌላ፣ የምሕንድስና ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይከታተላል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ስያሜ እዚያ ሲደርስ በልማድ ኃይል ብቻ አያልፍም፤ ስለ ምን እንደሚናገር ለሦስት ቋንቋ ተናጋሪ አእምሮ በግልጽ ማስረዳት ይኖርበታል።

ፈተናውን ከማጀት እንጀምር። በአዲስ አበባም በጅጅጋም ጧት ጧት ሊጥ በምጣድ ላይ ይፈስሳል። የእንጀራ ጋጋሪ ሊጧን በአብሲት ካስተካከለች በኋላ ከምጣዱ ዳር ጀምራ ወደ መካከል እያዞረች ታፈስሰዋለች፤ ሊጡ ራሱ ተንጣሎ ይደላደላል። ለሖሕ የምትጋግረው ሶማሌያዊት እናት ግን ወፈር ያለውን ሊጥ በምጣዱ መካከል ታሳርፍና በጭልፋው ቂጥ እየገፋች ከመካከል ወደ ዳር እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ታዞረዋለች። ጭልፋው የነካው ሊጥ ለቅጽበት ይቀጥናል፣ ይገፋል፤ ጭልፋው ሲያልፍ ይቆማል፤ የምጣዱም ትኵሳት ያረጋዋል። በለሖሕ ገጽ ላይ የሚታየው ጥምዝ መስመር የዚህ ምስክር ነው።

በዚህ የማጀት ሥራ ውስጥ ሳይንሱ የሚፈልጋቸው ስሞች በሙሉ አሉ። ሁለቱም ሊጦች የኒውተንን ንጽጽር አይጠብቁም። ሲማሰሉ ይቀጥናሉ። የለሖሕ ሊጥ በተለይ የተወሰነ ኃይል ካልደረሰበት በቀር ቶሎ አይንቀሳቀስም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ሊጡን ዝልግልግ የሚል ባለሙያ አይገኝም፤ «ወፈረ»፣ «ቀጠነ»፣ «አቅጥኚው» ነው የሚባለው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ባሕርይ «ውፍረት» ብንለው፣ ቃሉ ጓዙን ይዞ ይመጣል። ሲማሰል የሚቀጥን ፈሳሽ፣ ሲማሰል የሚወፍር ፈሳሽ፣ መወፈርና መቅጠን፣ ወፍራምና ቀጭን፤ ሁሉም አዲስ ፈጠራ ሳያስፈልጋቸው ከአንድ ቤተሰብ ይገኛሉ። «ዝልግልግነት»ን ይዘን ግን «ሲማሰል ዝልግልግነቱ የሚቀንስ» ልንል ነው። ይህም ለሊጥ ሲነገር አንባቢው ተልባን እንዲያስብ ያደርገዋል።

እርግጥ ነው፣ «ውፍረት» ለግድግዳ፣ ለቧንቧ፣ ለሰውነትም ይነገራል። በአንድ የምሕንድስና ጽሑፍ ውስጥ የቧንቧው ውፍረትና በውስጡ የሚያልፈው ፈሳሽ ውፍረት ሊምታቱ ይችላሉ። ለዚህ መድኃኒቱ «የፍሰት ውፍረት» ብሎ መለየት ነው። «ልግመት» የሚለውን ቃል ከ«ለገመ» አውጥቶ ለዚሁ መስጠት ይቻል ነበር የሚል ሐሳብም ቢነሣ አያስደንቅም። ነገር ግን ልግም ዐውቆ የሚደረግ ስንፍና ነውና ፈሳሹን በጥፋት የሚከስስ ይሆናል፤ አንባቢውም ፈገግ ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይጠቀምበትም።

ከማጀቱ ሳንወጣ ሌላ የትርጉም ስሕተት እንጥቀስ። የአካባቢው ሰዎች የግመል ወተት ሲኮመጥጥ «ዸናን» ይሉታል (ለሶማልኛው ድምፅ ለኦሮምኛ የተቀረጸውን «ዸ» ተጠቅመናል)። እያሱ ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2007 በሽንሌና በጅጅጋ ዞኖች ስለ ግመል ወተት አያያዝና አጠቃቀም ባሳተሙት ጥናት ይህን ወተት ጠቅሰውታል። በአማርኛ «የግመል እርጎ» ብሎ መተርጐም ቀላል ይመስላል። «እርጎ» ግን «ረጋ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የግመል ወተት ደግሞ ቢኮመጥጥም እንደ ላም ወተት ጸንቶ አይረጋም። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ለመርጋት የሚያግዘው ካፓ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን በግመል ወተት ውስጥ ከኬዚኖች ሁሉ ወደ 3.5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በላም ወተት ግን ወደ 13 በመቶ መድረሱ ነው። ለወተት ማቀነባበሪያ የሚሆን ቧንቧና ፓምፕ የሚያሰላ ባለሙያ «እርጎ» የሚለውን ቃል አንብቦ ጸንቶ የሚረጋ ነገር ቢያስብ፣ ስሌቱ የተነሣው ከሌለ ነገር ነው። ስለዚህ «ዸናን»ን እንዳለ መዋስ ወይም «የኮመጠጠ የግመል ወተት» ማለት ይሻላል።

የሁለቱን ቋንቋዎች መቀራረብም መጠንቀቅ ያሻል። በሶማልኛ የውሃ ፍሰት «ቁልቁል» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ሲሰማ «ወደ ታች» የሚል ትርጉም ይመጣበታል፤ ውሃም ወደ ታች ስለሚፈስስ ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል። ፈሳሽ በፓምፕ ሽቅብ በሚገፋበት ጊዜ ግን በሶማልኛው «ቁልቁል» ነው፣ በአማርኛው አይደለም። ከዚህ በተቃራኒ «ሐበግ» የሚለው የሶማልኛ ቃል የዛፍ ሙጫንና ማጣበቂያን ይጠራልና፣ «ዝልግልግ»ን ለሶማልኛ ተናጋሪ ለማስረዳት በሐበግ የሚጀምር አስተማሪ ሦስተኛ ባሕርይ ያስገባል። ሙጫ ይጣበቃል፤ መጣበቅ ግን መወፈርም መዝለግለግም አይደለም። ማር ወፍራም ነው፣ አብሽ ዝልግልግ ነው፣ ሙጫ ተጣባቂ ነው። ሦስቱን ለይቶ የማያስቀምጥ መዝገበ ቃላት በሁለት ቋንቋዎች መካከል ድልድይ ሊሆን አይችልም።

ከማጀት ወደ ሥራ ቦታ ስንሻገር ጉዳዩ የገንዘብና የውሃ ጉዳይ ይሆናል። የአካባቢው ከተሞችና ቀበሌዎች ውሃ የሚያገኙት በአብዛኛው ከጉድጓድና የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምባቸው ቢርካዎች ነው። ጥልቅ ጉድጓድ በጭቃ ዝውውር ሲቈፈር፣ ጭቃው ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን እንዲሠራ ይፈለጋል። ፓምፑ ሲሠራ ቀጥኖ መዘዋወር፣ ፓምፑ ሲቆም ደግሞ ወፍሮ የተቈፈረውን ፍርፋሪ አንጠልጥሎ መያዝ አለበት። ቈፋሪዎች ጭቃውን የሚፈትኑት ሃላን ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1931 ባስተዋወቀው «የማርሽ ፈነል» በተባለ ሾጣጣ ዕቃ ነው። 946 ሚሊ ሊትር ጭቃ በፈነሉ ቀዳዳ ወርዶ እስኪያልቅ የፈጀው ሴኮንድ ይቈጠራል፤ ንጹሕ ውሃ 26 ሴኮንድ ይፈጃል።

ይህ ልኬት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቍጥር ብቻ ይሰጣል። ከቤንቶናይት ሸክላ የተበጠበጠ ጭቃና ከረጃጅም ሞለኪውሎች የተዘጋጀ ፖሊመር ያለበት ጭቃ በፈነሉ እኩል ሴኮንድ ሊፈጁ ይችላሉ። የፊተኛው ሲቆም ይረጋል፤ የኋለኛው ክር ያወጣል፣ ይለጠጣል። የመሥሪያ መመሪያው ሁለቱንም «ከፍተኛ ዝልግልግነት ያለው ጭቃ» ብሎ ከጠራቸው፣ ቈፋሪው የትኛውን እንደሚያዘጋጅ ከቃሉ ሊረዳ አይችልም። «ወፍራም ጭቃ» እና «ዝልግልግ ጭቃ» ቢላቸው ግን ገና ሲያነብ ይለያቸዋል።

ይህ የቃል መደባለቅ ወደ ኮምፒዩተር ስሌት ሲገባ የበለጠ ይከፋል። የፍሰት ስሌት ማለት ፈሳሹ የሚያልፍበትን ቦታ ወደ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ክፍል የፍጥነቱንና የውጥረቱን መጠን በእኩልታ መፈለግ ነው። የውጥረቱ እኩልታ የሚመረጠው ከፈሳሹ ባሕርይ ተነሥቶ ነው። ለማር የኒውተን እኩልታ ይበቃል። ለሚዝለገለግ ፈሳሽ ግን ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1867 ከጀመረው ሐሳብ ተነሥቶ ኦልድሮይድ በ1950 እንዳዘጋጀው ያለ፣ የፈሳሹን ያለፈ ውጥረት የሚያስታውስ እኩልታ ያስፈልጋል። ባለሙያው ከተተረጐመው ሰነድ «ዝልግልግነት» የሚለውን አንብቦ የኒውተንን እኩልታ ቢመርጥ ኮምፒዩተሩ አይቃወመውም። የተስተካከለ ሥዕልና ንጹሕ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ሥዕሉ ግን ፈሳሹ ዘንጉን ሲወጣ፣ ከቀዳዳው ሲወፍር ከቶ አያሳይም። የተርጓሚው ስሕተት በገጹ ላይ ሳይታይ ቀርቶ በብረትና በቧንቧ ላይ ይወጣል።

በተቃራኒው፣ ትክክለኛው እኩልታ ሲመረጥ ስሌቱ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። የፈሳሹ የመለጠጥ ትውስታ ከፍሰቱ ፍጥነት ጋር ሲመዘን የሚገኘው የቫይሰንበርግ ቍጥር ከፍ ሲል፣ ስሌቱ ይናጋል፣ ይፈርሳልም። ይህ ችግር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎችን አስጨንቋል። ፋታልና ኩፕፈርማን እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት መፍትሔ የሞለኪውሎቹን የመዘርጋት ልክ በቀጥታ ከማስላት ይልቅ ሎጋሪዝሙን ማስላት ነበር። የመዘርጋቱ ልክ እየተባዛ ስለሚያድግ፣ በሎጋሪዝም ሲገለጽ ዕድገቱ ለስሌት ይገራል። እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው መወፈሩንና መዝለግለጉን በተለያየ ስም ካልጠራ፣ አንባቢው የፈረሰው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም።

ከዚህ ዘርፍ ጋር የተያያዙ ሌሎች ስያሜዎችም ሂስ ይሻሉ። የመጀመሪያው «ማስመሰል» ነው። በቍጥር ስሌት የአንድን ነገር ጠባይ አስመስሎ ማሳየትን «ማስመሰል» ብሎ መተርጐም በግሡ ትርጉም ትክክል ነው። ሆኖም «አስመሳይ» የሚለውን የሚያውቅ ሁሉ ቃሉን ከሽንገላ አይለየውም፤ ውጤቱን ለባለሥልጣን የሚያቀርብ መሐንዲስም «አስመስዬ አገኘሁት» ሊል አይደፍርም። «ምስለት» ከዚያው ሥር ወጥቶ ሽንገላውን ትቶታልና «አኃዛዊ ምስለት» ቢባል ይበጃል።

ሁለተኛው «ኢ-ኒውተናዊ» ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በብዛት የተሠራበት «ኢ-» የሚለው ቅጥያ ዛሬ በ«ኢሰብአዊ»ና በ«ኢፍትሐዊ» ውስጥ ሥር ሰዷል። ስለዚህ የተቀጠለበትን ነገር ጐደሎና ጥፋተኛ ያስመስላል። ከኒውተን ንጽጽር የወጣ ፈሳሽ ግን ጐደሎ አይደለም፤ ሊጥም፣ ደምም፣ የቤት ቀለምም እንደዚያው ናቸው። «ከኒውተን ሕግ ውጭ የሆነ» የሚለው ረዝሞ ቢታይም ፍርድ የለበትም፤ ባሕርዩ ሲታወቅም በስሙ «ሲማሰል የሚቀጥን» ወይም «ዝልግልግ» ማለት ከሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛው የውጥረት መርገብ ጊዜ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል የሚከተል ተርጓሚ «የመዝናኛ ጊዜ» ላይ ሊደርስ ይችላል፤ አንባቢውም ፈሳሹ የዕረፍት ቀን ያለው ይመስለዋል። አማርኛ ግን «ውጥረቱ ላላ» የሚል የታወቀ አነጋገር አለው። «ውጥረት» ለውስጣዊው ኃይል ከተሰጠ፣ «የመላላት ጊዜ» ከርሱ ጋር ያለ ችግር ይሄዳል። ይህን ጊዜ ፍሰቱን ለመመልከት ከወሰድነው ጊዜ ጋር በማነጻጸር የሚገኘውን ቍጥር ማርኩስ ራይነር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ «የዲቦራ ቍጥር» አለው። ስሙን የወሰደው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 5 ከሚገኘው የነቢዪቱ መዝሙር፣ ተራሮች በእግዚአብሔር ፊት ምን እንደ ሆኑ ከሚናገረው ቃል ነው። ያንን የዕብራይስጥ ግሥ አንዳንድ ተርጓሚዎች መፍሰስ፣ ሌሎች መቅለጥ፣ ሌሎችም መናወጥ አድርገው ተርጕመውታል። ራይነር የያዘው መፍሰስን ነው፤ ረጅም ጊዜ ለሚመለከት ተራራም ይፈስሳልና። ከአንድ ግሥ ሦስት ትርጉሞች መካከል አንዱን መምረጥ ለአንድ ሳይንስ ስም እንደ ሰጠ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

አራተኛው «ፈሳሽ» ነው። እዚህ ግን አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም እንላለን። ጋዝም ይፈስሳልና ለሁለቱ የሚሆን አንድ የወል ስም ይፈጠር የሚል ሐሳብ ቢኖርም፣ በዚህ ዘርፍ የሚጠኑት ከሞላ ጐደል ሁሉም ፈሳሾች ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መጥራት ሲያስፈልግ «ፈሳሽና ጋዝ» ማለት ይበቃል። ከ«ፈሰሰ» የሚወጣው ሌላው ቅርብ ቃል «ፍሳሽ» ነው፤ እርሱም ለቆሻሻ ውሃ ተወስዷል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «የፍሰት ውፍረት» ለመጀመሪያው ባሕርይ፣ «ዝልግልግነት» ለሚፈስሰውና ለሚለጠጠው፣ «ልጠት» ለመለጠጥ ብቻ፣ «መነሻ ውጥረት» ፈሳሹ መንቀሳቀስ ለሚጀምርበት ልክ፣ «የመላላት ጊዜ» ውጥረቱ ለሚላላበት ጊዜ፣ «አኃዛዊ ምስለት» ለስሌቱ ይሁኑ። «ሪዮሎጂ» የሚለው የዘርፉ ስም ከግሪክኛው እንደ ተወሰደ ይቆይ፤ ቢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲያወጣው ለሌሎችም ቋንቋዎች እንግዳ ነበር።

«ዝልግልግነት» ለመጀመሪያው ባሕርይ ተሰጥቶ በመማሪያና በትርጉም ጽሑፎች ውስጥ ሲሠራበት መቆየቱን አንዘነጋም። ሆኖም በአብዮቱ ዘመን «ላብአደር»ና «ወዝአደር» ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ቆይተው አንዱ እንደ ገነነ፣ ሁለት ስያሜዎች ለጥቂት ዓመታት አብረው ቢቆዩ የሚጐዳ ነገር የለም። ለሽግግሩ ጊዜ «የፍሰት ውፍረት» በተጻፈበት የመጀመሪያ ስፍራ ቀድሞ «ዝልግልግነት» ይባል እንደ ነበር በቅንፍ ማመልከት ይበቃል። ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በሚቀጥለው እትም፣ ተርጓሚዎችም በሚቀጥለው ሰነድ ሁለቱን ይለያዩ። ጅጅጋ ላይ ጭቃ የሚበጠብጠው ቈፋሪም ሆነ ሊጥ የምታሳርፈው እናት፣ የቃሉን ትርጉም ከማንኛችንም በፊት ያውቁታልና ለውጡን ለማስረዳት ብዙ ድካም አይጠይቅም።